ለ24 ሰው የቻይናታውን እራት፦ ከምግብ ቤቱ በፊት ጠረጴዛው

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምንኖረው ኦክላንድ ነው። ልጃችን ሲመረቅ እራቱ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ እንዲሆንለት ጠየቀን። 24 ሰዎች ነን። ቅዳሜው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ዘጠኛችን ጿሚዎች ነን። ሦስት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይገኛሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ80 ዓመት እናቴ አሉ። ለአንድ ሰው ከ40 ዶላር በላይ ማውጣት አንችልም። የትኛውን ምግብ ቤት ልያዝ?»

ምላሽ፦

እንኳን ደስ አለዎት። በዚህ አካባቢ ለቡድኖች ማዕድ ማሰናዳት ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። የምረቃ ሰሞን በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይደርሰኛል፤ ሁልጊዜም የሚፈለገው የምግብ ቤት ስም ነው። ስሙን እነግርዎታለሁ። በቻይናታውን ግን የቡድን እራት የሚያምረውም የሚበላሸውም ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ስለ ጠረጴዛው ላውራ።

የካንቶን (የደቡብ ቻይና) ሰዎች ግብዣ የሚሸጡት በጠረጴዛ ሒሳብ ነው። አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥር ሰው፣ መካከሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት፣ ከዚያ ስምንት ወይም አሥር ዓይነት ምግብ በየተራ። ወጥ ቤቱ ዓሣውን የሚመርጠውም፣ ዶሮውን የሚቆራርጠውም፣ ሾርባውን የሚለካውም ለአሥር ሰው አድርጎ ነው። ስምንት ሰው ቢያስቀምጡ የሚከፍሉት የአሥሩን ነው። 12 ቢያስቀምጡ ጥቂት ዋጋ ጨምረው፣ ሳህኑን ሞላ አድርገው ያስተናግዷችኋል። የእርስዎ 24 ሰው እንግዲህ ሦስት ጠረጴዛ በስምንት ስምንት፣ ወይም ሁለት ጠረጴዛ በ12 በ12 ይሆናል። በያዙት በጀት ሁለቱ ጠረጴዛ ይሻላል። ትከሻ ለትከሻ ትጠጋጋላችሁ፤ ለምረቃ እራት ግን መጠጋጋት የሚያስከፋ ነገር አይደለም።

ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ? አብዛኛው ሰው የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ የልጁ ጓደኞች እያለ ይከፍላል። እኔ የምለው አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ ይሁን ነው። በእኛ ቤት የጾምና የፍስክ ወጥ በአንድ ትሪ አይቀርብም። ያ የሚሽከረከር መስታወትም ያው ትሪ ነው። የሥጋውን ሳህን የነካ ማንኪያ ከሁለት ዙር በኋላ ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሕፃናት ካሉ ደግሞ አንድ ዙር ይበቃል።

ሙስሊም ጎረቤቶችዎን በጾሙ ጠረጴዛ ያስቀምጡ። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይገረማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ሰፈር ሐላል ሥጋ ለማግኘት መጓጓት ከንቱ ድካም ነው፤ ሥጋ በሌለበት ማዕድ ላይ ግን የአሳማም የአራጅም ጥያቄ አይነሣም። ለእነሱ ሲባል አንድ ነገር ብቻ መጨመር አለበት። የቻይና ወጥ ቤት የሩዝ ወይን ጠጅ እንደ ውኃ ይጠቀማል፤ ዓሣውም አትክልቱም ላይ ይረጨዋል። «ምንም ዓይነት አልኮል አይግባበት» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። በጣም ጥንቁቅ ከሆኑና መጥበሻውም የሚያሳስባቸው ከሆነ ደግሞ ሳይመጡ እውነቱን ይንገሯቸው፤ ወጥ ቤቱ አንድ ነው፣ መጥበሻውም እየታጠበ ለሁሉም ያገለግላል።

አሁን ወደ ጾሙ ልግባ። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ከብዙዎች ጋር ስንነጻጸር ዕድለኞች የሆንነውም እዚሁ ላይ ነው። የካንቶን ወጥ ቤት ቅቤና ወተት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በፈረንጅ ምግብ ቤት የሚያስጨንቀን ቅቤ እዚህ የለም። አደጋው ሌላ ቦታ ተደብቋል፦ ከዶሮ በተቀቀለ መረቅ፣ በአሳማ ሞራ፣ እንቁላል ባለበት ኑድልና ጥብስ ሩዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አረንጓዴ አትክልት ላይ በሚፈስሰው ጠቆር ያለ ሶስ። ያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ከኦይስተር፣ ማለትም ከባሕር የዛጎል እንስሳ የሚሠራ ነው። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ «አትክልት ብቻ» ብዬ አዝዤ፣ የጿሚዎቹ ጠረጴዛ ሾርባውን አመስግኖ ከጨረሰ በኋላ አስተናጋጁ «የዶሮ መረቁ ጥሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ማንኪያቸውን እንዴት እንዳስቀመጡት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥፋቱ የአስተናጋጁ አልነበረም። «አትክልት» ስል እሱ የሰማው ሥጋ የማይታይበትን ምግብ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ቬጂቴሪያን» የሚለውን ቃል ትቼ «ጃይ» እላለሁ። ጃይ በካንቶን ቋንቋ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የጾም ምግብ ነው። ወጥ ቤቱ ይህን ቃል ሲሰማ የሃይማኖት ነገር መሆኑ ይገባዋል፤ መረቁንም ሞራውንም ያወጣል፤ ኦይስተሩን ግን በስሙ ጠርተው ያስወጡ። «ሲክ ጃይ» ማለት «ጃይ የሚበላ» ማለት ነው፤ ስልክ ላይ እንዲሁ ይበሉት፣ አነጋገርዎ ቢያስቃቸውም ይገባቸዋል። ሦስት ማሳሰቢያ ግን አለኝ። አንደኛ፣ እንቁላል በአንዳንድ ጃይ ይፈቀዳል፤ በእኛ አይፈቀድም፤ ለይተው ይናገሩ። ሁለተኛ፣ ጥብቁ ጃይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም። የእኛ ሰው ያለ ሽንኩርት የተሠራ ምግብ ሲቀርብለት የታመመ ሰው ምግብ ይመስለዋል። «ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ይግባ» ካሏቸው ግራ ይጋባሉ፤ ግን ያስገባሉ። ሦስተኛ፣ ከስንዴ ወይም ከአኩሪ አተር ተሠርቶ ቁርጥ ዳክዬ የሚመስል ምግብ አለ። ጾም ነው፤ መልኩ ግን ሥጋ ነው። ለእናትዎ አስቀድመው ካልነገሯቸው አይነኩትም፤ ቢነግሯቸውም የሚነኩት አይመስለኝም።

ለጾሙ ጠረጴዛ ምን ይታዘዝ? «ሎ ሃን ጃይ» የሚባለው እንጉዳይ፣ ቶፉ፣ ቀጭን ኑድልና አትክልት የተደባለቀበት ድስት ዋናው ይሁን፤ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው። የአተር ለጋ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ጥብስ ያክሉበት፤ ዋጋው ከሌላው አትክልት ከፍ ይላል፣ ግን ጎመን ለለመደ ሰው ከጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ደረቅ ጥብስ ፎሶሊያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቦታ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ስለሚነሰንስበት ግን «ጃይ» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ይድገሙት። ጨውና በርበሬ የነካው የተጠበሰ ቶፉ ልጆችም ይወዱታል። ዓሣ በጾሙ ጠረጴዛ ይቅረብ አይቅረብ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም እንዳለ ያውቃሉ፤ እኔ አልፈርድም። እናትዎን ይጠይቁ።

የፍስኩ ጠረጴዛ ቀላል ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰፈር የሚኮራባቸውን ምግቦች እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው፦ ሸርጣን በጨውና በርበሬ፣ ሽሪምፕ፣ ሎብስተር፣ የተጠበሰ ዳክዬ፣ የአሳማ ጥብስ። ከእኛ አረጋውያን ግማሾቹ ከእነዚህ አንዱንም አይቀምሱም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይነካ አለ፤ ዳክዬን የሚጸየፍ አለ፤ የማያውቀው ሰው ያረደውን ሥጋ የማይበላም አለ። የተዘጋጀ የግብዣ ዝርዝር እንዳለ ቢቀበሉ ከአሥሩ ምግብ ሰባቱ ለወጣቶቹ ብቻ ይቀርና ትልልቆቹ ሩዝ ሲበሉ ያመሻሉ። ስለዚህ ዝርዝሩን ይደራደሩበት። ሁለት ምግብ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፤ የቀረው ዶሮ፣ የበሬ ሥጋና ዓሣ ይሁን።

ዓሣውን በደንብ ይያዙት። በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ፣ ከላዩ ቀጫጭን ዝንጅብልና ለጋ ሽንኩርት፣ ትኩስ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ ከአኩሪ አተር ሶስ ጋር ይመጣል። ከካንቶን ምግብ ሁሉ እጅግ የተከበረው ይኸው ነው፤ ሽማግሌም ወጣትም የሚስማማበትም እሱው ነው። ከገንዳው አውጥተው ሕያው ሆኖ እያለ ለጋባዡ ያሳያሉ፤ አይደንግጡ፣ ትኩስነቱን የሚመሰክሩበት መንገድ ነው። ቅርፊት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ በእኛ አገር ቆሮሶ የምንለው ወገን ከሆነ ማንም አይከፋም፤ አምባዛን ግን የማይበላ ብዙ ነው። ዋጋውንም ያኔውኑ ይጠይቁ። ምግብ ዝርዝሩ ላይ «የዕለቱ ዋጋ» የተባለ ነገር ሁሉ፣ በተለይ የገንዳ ዓሣ፣ የሚሸጠው በክብደት ነው፤ ሒሳቡ ሲመጣ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ድሮ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ በሰፈሩ ሰፋፊ የግብዣ አዳራሾች ነበሩ። ከ1966 ጀምሮ በግራንት ጎዳና ላይ የነበረው ኤምፕረስ ኦፍ ቻይና በ2014 መጨረሻ ተዘጋ። ሺህ ሰው ገደማ ይይዝ የነበረው ኒው ኤዥያ በወረርሽኙ ዘመን የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሆነ። ስለዚህ ለ24 ሰው አንድ ላይ የሚበቃ ቦታ ዛሬ እንደ ድሮው በየማዕዘኑ አይገኝም።

ለእርስዎ በመጀመሪያ የምደውለው ለፋር ኢስት ካፌ ነው። በ1920 የተከፈተ፣ በግራንት ጎዳና ላይ የሚገኝ፣ የድሮ መብራቶቹና መጋረጃ ያላቸው የእንጨት ክፍሎቹ እስከ አሁን ያሉ ቤት ነው። ፎቅ ላይ የግብዣ አዳራሽ አለው። ምግቡ ዓለምን አያስደንቅም፤ ግን ለቡድን የለመደ ቤት ነው፣ ልጁም ፎቶግራፍ የሚነሣበት ግርማ ሞገስ አለው። በ2020 መጨረሻ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ የተረፈ ቤት መሆኑም ለእኔ ዋጋ አለው። ለእናትዎ ሲባል «ጠረጴዛዎቹ ምድር ላይ ሊሆኑልን ይችላሉ ወይ? መጸዳጃ ቤቱስ በደረጃ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን የመጸዳጃ ቤት ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፤ አረጋዊ ይዞ የሄደ ሁሉ ግን ይጸጸትበታል።

ሁለተኛው አር ኤንድ ጂ ላውንጅ ነው፤ በከርኒ ጎዳና ላይ፣ ባለ ብዙ ፎቅና ለብቻ የሚያዙ ክፍሎች ያሉት። ወጥ ቤቱ በእኔ ፍርድ ከመጀመሪያው ይሻላል። ስሙን ያስጠራው ሸርጣኑ ስለሆነ አስተናጋጁ ሸርጣን ሊያሳዝዛችሁ ይሞክራል፤ ለወጣቶቹ አንድ ይዘዙና ይለፉ። በ40 ዶላር ግን እዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ግሬት ኢስተርን በጃክሰን ጎዳና ሦስተኛ አማራጭ ነው። በ2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ድንገት ገብተው ዲም ሰም (የካንቶን ትንንሽ መክሰስ) የገዙበት ቤት ነው፤ የገንዳ ዓሣም ሞልቷል። ዲም ሰሙ ግን ለእናንተ ቡድን አይሆንም። ዲም ሰም ትንንሽ ነገር ነው፤ አብዛኛው ውስጡ የታሸገ፣ የታሸገውም አሳማ ወይም ሽሪምፕ። «የራዲሽ ቂጣ» የሚሉት እንኳ ደረቅ የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል። ጿሚ ይዞ ዲም ሰም መብላት በየሳህኑ ምርመራ ማካሄድ ነው።

የማይሆኑትንም ልጥቀስ፤ ልጅዎ ከኢንተርኔት አይቶ ይጠይቅዎታልና። ሃውስ ኦፍ ናንኪንግ ጠባብ ነው፤ በረንዳ ላይ ተሰልፎ ለሚገባ ለሁለትና ለአራት ሰው እንጂ ለ24 አይደለም። ሚስተር ጁስ በ2016 ተከፍቶ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ሚሽላን ኮከብ ያገኘ ቤት ነው፤ ልጁ ሥራ ሲይዝ ራሱ ይጋብዝዎት። በድሮው ኤምፕረስ ኦፍ ቻይና ቦታ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተው ኤምፕረስ ባይ ቡንም እንዲሁ፤ የከተማው እይታ ያምራል፣ ዋጋው ግን የእርስዎ አይደለም።

ስለ ዳገቱ። ቻይናታውን ተዳፋት ላይ የተሠራ ሰፈር ነው። ታችኛው ጠርዝ ከርኒ ነው፤ ወደ ግራንት፣ ከዚያ ወደ ስቶክተን እያለ ይወጣል። በመኪና ከመጡ በፖርትስማውዝ አደባባይ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ከርኒ ላይ ስለሆነ ለእናትዎ ይቀላል፤ ግራንት ድረስ ግን አንድ ዳገት ይቀራል፣ እሳቸውን በር ላይ አውርዱና መኪናውን ተመልሳችሁ አቁሙ። በባቡር ከሆነ ከኦክላንድ በባርት ፓወል ላይ ወርዳችሁ፣ በምድር ውስጥ ወደ ዩኒየን ስኩዌር ጣቢያ ተሻግራችሁ በቲ መስመር አንድ ፌርማታ ነው። ጣቢያው ስቶክተን ላይ ስለሚያወጣችሁ መንገዱ ወደ ታች ይሆናል። ከላይ ወደ ታች መሄድ ለሚያም ጉልበት አንዳንዴ ከመውጣት ይብሳል፤ እናትዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ስልኩን የሚደውሉት ከሰዓት በኋላ፣ የምሳው ግርግር አልፎ የእራቱ ሳይጀምር ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ብቻ ነው ኃላፊው ቁጭ ብሎ የሚያነጋግርዎት። ከተቻለ በአካል ይሂዱ። ዝርዝሩን በጽሑፍ አስደርገው፣ የጾሙን ጠረጴዛና የፍስኩን ጠረጴዛ በየፊናው አስጽፈው፣ ቀብድ ከፍለው ይምጡ። ሰዓቱን በተመለከተ ቅዳሜ ማታ የሰርግና ሕፃን አንድ ወር ሲሞላው የሚደረግ ግብዣ የሚበዛበት ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በአሜሪካው አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ቢይዙ አዳራሹ ጸጥ ያለ ይሆናል፣ አባትየው ንግግር ቢያደርጉም ይሰማል።

አሁን ገንዘቡ። 40 ዶላር በ24 ሲባዛ 960፣ ለአንድ ጠረጴዛ 480 ነው። ከዚህ ላይ የከተማው የሽያጭ ታክስ 8.625 በመቶ አለ፤ ለትልቅ ቡድን ደግሞ ብዙ ቤቶች የአስተናጋጅ ጉርሻ 18 በመቶ ገደማ በራሳቸው ይጨምራሉ። እነዚህን ቀንሰው ሲያዩት የጠረጴዛው ዋጋ ከ375 ዶላር ብዙ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ስልክ ላይ «40 ዶላር ለአንድ ሰው» አይበሉ፤ «ለ12 ሰው ጠረጴዛ 375 አለኝ፣ ምን ትሠሩልኛላችሁ?» ይበሉ። የጾሙ ጠረጴዛ ርካሽ ስለሚሆን የተረፈውን ወደ ዓሣው ያዙሩት። አንዳንድ ቤቶች ለሠራተኞች ጤና መድን በሚል ተጨማሪ መቶኛ ይጠይቃሉና እሱንም አስቀድመው ይጠይቁ። ሒሳቡ ሲመጣ ጉርሻው ተካቶ እንደሆነ ያንብቡ፤ ሁለት ጊዜ የከፈሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ የተረሳ ነገር፦ ሩዙ። በካንቶን ግብዣ ሩዝና ኑድል የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከዓሣው በኋላ ነው፤ እንግዳው በሩዝ እንዳይጠግብ በሚል። የእኛ ሰው ግን ወጥ ያለ እንጀራ አይበላም። ሾርባው፣ ዶሮው፣ አትክልቱ እየመጣ እየሄደ እንግዶችዎ እጃቸውን አጣጥፈው «ማባያው መጣ፣ ምግቡ የታለ?» የሚል ፊት ሲያሳዩ አይቻለሁ። ነጭ ሩዝ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር እንዲቀርብ ይዘዙ። አስተናጋጁ ቅር ቢለው ይበለው።

ስለ ኬኩ ደግሞ፣ ከውጭ ኬክ ሲገባ የሚያስከፍሉ ቤቶች ስላሉ ይጠይቁ። ነገር ግን ኬክ እንቁላልና ቅቤ ነው፤ ከ24ቱ ዘጠኙ ቁጭ ብለው ያዩታል። የቤቱ የመጨረሻ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ሾርባ ነው፤ ጾም ነው፣ ግን የእኛ ሰው ባቄላ በስኳር ሲያይ ይስቃል። እኔ ብሆን በዚያ ፈንታ ከኦክላንድ አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። ጿሚው ይበላዋል፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶችዎ ይበሉታል፣ የልጁ ጓደኞችም ይበሉታል። በሚሽከረከረው መስታወት መካከል ያስቀምጡትና እናትዎ ባርከው ይቁረሱት። ቢላዋ ከአስተናጋጁ ይጠይቁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሹካና የእንጨት መብያ ብቻ ነው።